ጾሙ አይደለም

ለተወደድህ ወንድሜ ለመሪጌታ ልዑልቃል፤
ሮም።

ብርዱ ለቀቀላችሁ ወይ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ዓይንህ ያለ መነጽር ያነባል? ድምፅህ እንደ ድሮው ይወጣል? ባለቤትህ ወለተሩፋኤል፣ ልጆችህ ምስጢርና ሰውአገኝ፣ አብረውህ የሚቆሙት ካህናት ሁሉ በያሉበት ደህና ናቸው? የአንድ ቀን ጥያቄ አይምሰልህ፤ ጠዋት ጠዋት ውዳሴዬን ስጨርስ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የሚመልስልኝ ባይኖርም።

ስለ እኔ የሆነ እንደሆነ፣ ሠላሳ ዓመት በጻፍሁልህ ደብዳቤ ሁሉ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ጀምሬአለሁ። ዘንድሮ አልጽፈውም፤ ውሸት ይሆናል። ናፍቆቱ እንዳለ ነው፣ የጎደለው ደህንነቱ ነው። በስልክ ያልነገርሁህ ስልክ ስለምጠላ ብቻ አይደለም። በስልክ ብነግርህ «እሺ አያ ዋኘው» ትለኝና ታልፈዋለህ። የተጻፈውን ግን ደግመህ ታየዋለህ። ስለዚህ ለሥራ ወደ እናንተ አገር ለምትመጣው ለጎረቤታችን ልጅ ለይመኙሽ በእጇ ሰጥቻታለሁ። አንብበህ እስክትጨርስ ከአጠገብህ እንዳትነሣ ነግሬአታለሁና ሻይ አፍሉላት፤ ደብዳቤው ረጅም ነው።

ነገሩ የጀመረው በጥምቀት ዕለት ነው። ታቦታችንን ከቀሐ ጥምቀተ ባሕር አጅበን ዳገቱን እያሸበሸብን እንወጣ ነበር። ያን ዳገት ታስታውሰዋለህ፤ በወጣትነትህ ከበሮ አንግተህ ትሮጥበት ነበር። እኔ ከፊት መስመር ነኝ። ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ስንደርስ ደረቴ በጠፍር እንደ ታሰረ ሆነ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ መቋሚያዬን እንደ ያዝሁ በአፍጢሜ ተደፋሁ። ስነቃ ራሴ በመሪጌታ ስነጊዮርጊስ ጭን ላይ ነበር። ቀኝ ጌታችንን ስነጊዮርጊስን ታውቀዋለህ፤ ሠላሳ ዓመት ከእኔ ጋር ቆሟል፣ ሠላሳ ዓመት ቀልዱን አልተወም። ዙሪያዬን የከበቡት «ተመስጦ ነው፣ መንፈስ ቅዱስ ነክቶት ነው» እያሉ ነበር፣ ሴቶችም እልል ይላሉ። ስነጊዮርጊስ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ተመስጦ ከሆነስ ምነው ጥርስህን አወለቀው» አለኝ። እውነትም አንዱ የፊት ጥርሴ የለም።

እኔ ግን ተመስጦም አላልሁ፣ በሽታም አላልሁ። «የትናንቱን ገሃድ ጾሜ ነው» አልሁ። በእኛ ቤት የማዞር ስሙ ሌላ ሆኖ አያውቅም። ልጄ ፍቅርተማርያም ሐኪም ቤት እንሂድ እያለች ሦስት ሳምንት ስታለቅስብኝ፣ ሦስት ሳምንት ዘጋኋት። በመጨረሻ ስነጊዮርጊስ መጥቶ ካልሄድህ ከአጠገብህ አልቆምም፣ ደግሞ ብትወድቅ በእኔ ላይ ነው የምትወድቀው ቢለኝ ተነሣሁ።

ያየችኝ ሐኪም ዶክተር ነጃት ትባላለች። የዚሁ የጎንደር የአዲስ ዓለም ሰፈር ልጅ ናት፣ ከፍቅርተማርያም ታንሳለች። ምን እንደሚሰማኝ ጠየቀችኝ፤ ምንም አልኋት። ዳገት ስወጣስ ብትለኝ ዳገት ለሁሉም ዳገት ነው አልኋት። ይህን ጊዜ ስነጊዮርጊስ ከኋላዬ «ዶክተር፣ ሁለት ዓመት ሆነው። ረጅሙ ዜማ ሲደርስ ለእኛ እየተወ አፉን ብቻ ይከፍታል። ለሽማግሌ አዝነን ዝም አልነው» ብሎ አጋለጠኝ። በጣም ተቆጣሁ። የተቆጣሁት እውነት ስለሆነ ነው። የደበቅሁት እኔ ራሴን ነበር ለካ፣ እነርሱማ ያውቃሉ።

ከዚያ አስተኝተው ደረቴ ላይ የሚጣበቅ ነገር ለጥፈው፣ እጅና እግሬን በሽቦ አያይዘው ኢሲጂ የሚሉትን አነሡኝ። ማሽኑ የልቤን አመታት በቀያይ ካሬ ወረቀት ላይ እየጻፈ ያወጣዋል። ነርሱ ወረቀቱን ወደ ፋይል ሊከት ሲል ስጠኝ አልሁት። የሆስፒታሉ ነው አለኝ። «ወረቀቱ የሆስፒታሉ ይሁን፣ ልቡ የማን ነው?» ብዬ ግልባጩን እስኪሰጡኝ ከአልጋው አልወረድሁም። ሌላ በሽተኛ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ አፈርሁ፣ ግን አልወረድሁም።

ልዑልቃል፣ ያን ወረቀት ብታየው። ከፊደል በላይ እንደምንጽፈው የዜማ ምልክት ነው። ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሣል። ቤቴ ገብቼ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ስመለከተው ትዝ ያለኝ ያ ክረምት ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ አንተን ለድጓ ቤት፣ እኔን ለሞፈር ደለደለን። አላማረርሁም፤ ታላቅ ነኝ። ለክረምት ወደ አገራችን ወደ ኮሶዬ ስትመጣ ግን አንተ በጎጆው በር ተቀምጠህ ስታዜም፣ እኔ በሬዎቼን አቁሜ በበትሬ ጫፍ ምልክቱን ጭቃ ላይ እጽፍ ነበር። ድፋቱን፣ ሂደቱን፣ ርክርኩን። ስሳሳት ምንም ሳትናገር በባዶ እግርህ ታጠፋዋለህ፣ እኔም እንደገና እጽፋለሁ። በሬዎቹ ቆመው ያመሰኳሉ፣ እናታችን ከቤት ሆና «እርሻው በዜማ ይታረስ ይሆን?» ትላለች። ኋላ ጎንደር ገብቼ ለማኅሌት ስቆም መምህርህ ማነው ሲሉኝ ታናሽ ወንድሜ ነው ብዬ ሳቁብኝ። እኔ አልሳቅሁም። ዛሬም ቢጠይቁኝ መልሴ ያው ነው።

አንድ መጽሐፍ ብቻውን ስሕተቱን እንደማይናገር፣ ሌላ ቅጂ አጠገቡ አኑሮ ምልክት በምልክት ማስተያየት እንደሚገባ የነገርኸኝም አንተ ነህ። ስለዚህ ሌላ ቅጂ ፈለግሁ። አማቼ ሙሉቀን እንደ ኮርማ ጤነኛ ነው፤ ይዤው ከተማ ወዳለ የግል ክሊኒክ ሄድሁ። ምን ሆንሁ አባባ ብሎ ደነገጠ። «ምንም አልሆንህም። እኔ የምፈልገው ምንም ያልሆነ ሰው ነው» አልሁት። ሁለቱን ወረቀት በብራና ላይ ገለበጥኋቸው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ከስነጊዮርጊስ ጋር ዶክተር ነጃት ዘንድ ስመለስ ልዩነቱን ይዤላት ሄድሁ።

መስመሩ ሲነሣ የሚሠራው የእኔ ሹል ከሙሉቀን ሹል እጥፍ ይረዝማል አልኋት። ሁለተኛ፣ የሙሉቀን ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ የእኔ ግን መሠረቱ ሰፊ ነው፣ ይጎተታል። ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን መጨረሻው ነው። ከሹሉ በኋላ የሚመጣው ጉብታ በሙሉቀን ወረቀት ላይ እንደ ድፋት ምልክት ቅስት ሆኖ ቆሟል፤ በእኔ ላይ መስመሩ ዝቅ ይልና ቅስቱ ተገልብጦ እንደ ዋንጫ አፉን ወደ ላይ ከፍቷል። ይህን ሁሉ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ማን አስተማረዎት አለችኝ። ማንም አልሁ። በሁለተኛ ዲግሪ የምታስተምራቸው እንዲህ ቢያዩላት እንደምትወድ ተናገረች። ውዳሴ አልወድም፤ ትርጉሙን ንገሪኝ አልኋት።

እንዲህ አለችኝ። ልብዎ ደሙን ወደ ዋናው የደም ሥር የሚያወጣበት በር ጠቧል፣ ደንድኗል። በጠባብ በር ለማውጣት ጡንቻው ለዓመታት ሲገፋ ወፍሯል፤ ሹሉ የረዘመው ለዚህ ነው። የተገለበጠው ቅስት ደግሞ ያ የወፈረው ጡንቻ ከአቅሙ በላይ እንደ ተጨነቀ ይናገራል። መሠረቱ የሰፋው ልብን «ምታ» የሚለው መልእክት በግራው በኩል ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው። ይህችን ለማስረዳት ስትቸገር እኔ ረዳኋት፤ ቀኙ ሲጀምር ግራው ዘግይቶ የሚገባበት ማኅሌት ማለት ነው አልኋት። እንደዚያ ያለ ማኅሌት እኔ አቁሜ አውቃለሁ፤ ታቦት ፊት እንኳ ቢሆን «ተመለሱ» ብዬ አስጀምሬአለሁ። ልብን ግን ተመለስ የሚለው የለም።

አንዱ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይደለም ብላኛለች። የልብ በሩ በጠበበ ሰው ላይ አብረው ሲመጡ ግን፣ ሰውዬው ደህና ነኝ ቢልም ልቡ እየደከመ ነው፣ ድንገት መውደቅ፣ ድንገት መቅረትም አለ። እንደ እኔ ያሉትን ሰዎች ወረቀት እየሰበሰበች የትኛው ምልክት አስቀድሞ እንደሚናገር የምታጠናው ለዚህ ነው። እኔም አልተሸነፍሁላትም፤ ሁዳዴ ይዤ ነው የመጣሁት፣ ጾሙ ነው አልኋት። ያን ቀን እርሷም ረመዳን ይዛ ነበር፣ ከንፈሯ ደርቋል። «አባባ፣ እኔም ከሌሊት ጀምሮ ውሃ አልቀመስሁም፣ ይኸው ቆሜ አክማለሁ። ጾም ያደክማል፤ የልብን መስመር ግን አይገለብጥም» አለችኝ። ተረታሁ። ይህ እንደማይደርስብኝ ታውቃለህ።

አሁን የምነግርህ ለምን እንደምጽፍልህ ነው። በአልትራሳውንድ ስታየው ይህ በር በሌላው ሰው ሦስት መዝጊያ አለው፣ የእኔ ሁለት ብቻ ነው። ስወለድ እንዲሁ ነኝ፤ ሰባ ዓመት በሁለቱ ኖርሁ፣ አሁን ደነደኑ። ይህ ደግሞ በዘር የሚሄድበት ጊዜ አለ አለችኝና፣ አባትዎ በምን ሞቱ ስትል ጠየቀችኝ።

ወንድሜ፣ አባታችን ከገደሉ ሥር ካለችው ቁራሽ እርሻችን ስንመለስ አቀበቱ ላይ የሚቆምባት ቦታ ትዝ ትልሃለች? ግራር የበቀለባት፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለባት። ሁልጊዜ እዚያ ሲደርስ ይቀመጥና «ቆላውን እንይ ልጆቼ» ይለን ነበር። እኛም ግራና ቀኙ እንቀመጣለን። የተራራዎቹን ስም አንድ በአንድ ያስቆጥረናል፤ አንተ ስድስት ዓመትህ ሆኖ ከእኔ ቀድመህ ሁሉንም ትጠራ ነበር። ደመናው ከታች ነው፣ እኛ ከላይ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነቀሉ አጠገባችን ያልፋሉ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ያያል። እኔ አገሩን የሚወድ ሰው እንደ አባቴ የለም እል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቁጥር እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቆላውን አይቻለሁ፣ እርሱን ለማክበር ብዬ።

ዶክተር ነጃት ስትጠይቀኝ ሁሉም ነገር በራሱ ተራ መጣልኝ። በመጨረሻው ዓመት ሁለቴ መቀመጥ ጀምሮ ነበር፤ አንዴ ከወንዙ ማዶ፣ አንዴ ከግራሩ ሥር። ከወንዙ ማዶ ቆላው አይታይም። እኔ ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ አልጠየቅሁም። በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ቅዳሴ ወጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ቆሞ ሰው ሲያነጋግር ወደቀ፣ አልተነሣም። ሃምሳ አልሞላውም። ጾሙን ሳይፈታ ሞተ ተባለ፣ እንደ ክብር ተነገረ፣ እናታችንም እስክትሞት «ጾሙ ነው» አለች። እኔም አምኜ ለልጆቼ እንዲሁ ነገርሁ። ቆላውን አልነበረም የሚያየው። አየር ፍለጋ ነበር። ይህን ለዶክተሯ ስነግር ስነጊዮርጊስ ሳይቀልድ የቀረበት ብቸኛው ሰዓት ነው።

ቤት እንደ ደረስሁ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ለገና የላክኸውን ደብዳቤ ፈልጎ ማውጣት ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ስለ ሰውአገኝ ትምህርት ከጻፍኸው በታች፣ «አራተኛ ፎቅ መውጣት ከበደኝ፣ ሁለት ጊዜ በደረጃው ላይ ዓይኔ ጨልሞብኝ ግድግዳ ይዤ ቆምሁ፤ ጾመ ነቢያት ነውና አያስደንቅም» ትላለህ። ደብዳቤውን በደረሰኝ ጊዜ አንብቤ፣ ሸጋ ነው፣ ጾሙን ባዕድ አገርም አልተወም ብዬ ተደስቼ ነበር። ተደስቼ። 

ልዑልቃል፣ ጾሙ አይደለም። በአባታችን አልነበረም፣ በእኔም አልነበረም፣ በአንተ እንደሆነ ከዚያ ወረቀት በቀር የሚነግረን የለም። ምናልባት የአንተ በር ሦስት መዝጊያ ይኖረዋል፤ ያኔ ሳቅብኝ፣ ደስ ይለኛል። የፍቅርተማርያም ታይቷል፣ ሦስት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ ግን ታይተህ አታውቅም። የምፈራው ሰሙነ ሕማማትን ነው። አንተን አውቅሃለሁ፤ በስቅለት ዕለት ሰው ሁሉ ሲደክም አንተ ስግደቱን ትቆጥራለህ፣ ሌላውም እንዳይቀመጥ ታያለህ። ይህን ከማን እንደ ተማርኸው አውቃለሁ። በእኔ ፊት የተቀመጠ ዲያቆን አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ትኩሳት ያለበትን ልጅ አቁሜ ያዋልሁትን አልረሳውም። ዛሬ እኔው ነኝ የምጽፍልህ፤ ሳትታይ አትስገድ። ተቀምጠህ ጸልይ። ዶክተሯም ይህንኑ አጥብቃ ብላለች፤ በሩ ጠቦ ከሆነ ያን ያህል መውደቅ መነሣት ልብን ይጥለዋል። የንስሐ አባትህ ከጠየቁህ ይህን ደብዳቤ አሳያቸው። የእኔ ንስሐ አባት ፈቅደውልኛል፤ አሁን ጾመ ድጓው ሲባል ከግድግዳው ጥግ በወንበር ላይ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንሁ። ስነጊዮርጊስ «ንጉሡ ዙፋን ላይ ወጡ» አለ። አሁን ለምጄዋለሁ ልልህ ነበር፣ አልለመድሁትም።

የእኔ በር መለወጥ አለበት ተብሏል። ጎንደር አይሠራም፣ አዲስ አበባ ነው፤ ለግንቦት ስድስት ቀጠሮ ተይዞልኛል። መንገዱ እንደምትሰማው አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ሙሉቀን በአውሮፕላን እወስድሃለሁ ብሏል። ደረቴን ከፍተው የሰው እጅ የሠራውን በር ያስገባሉ። እንደምፈራ ለአንተ ብቻ እጽፋለሁ። ቢሆንም እሺ ብያለሁ፣ በአንድ ነገር ላይ ቆሜ። ለዶክተር ነጃት የነገርኋትን ለአንተም እነግርሃለሁ፤ የወንድሜ ወረቀት እጄ ሳይገባ እኔ ወደ አዲስ አበባ አልሄድም። እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ አባባ ይህ ግትርነት ነው፣ የእርስዎ ቀን ያልፍብዎታል አለችኝ። ነው አልኋት። ስሜን በቀጠሮው መዝገብ ላይ በእርሳስ እንድትጽፈው አድርጌአለሁ።

ማስፈራሪያ አይደለም። አባታችንን አጠገቡ ተቀምጬ አላየሁትም፤ አንተን ደግሞ ደብዳቤህን አንብቤ አላየሁህም። ሦስተኛ ጊዜ አይኖርም። ሐኪም ቤት ሂድ፣ ኢሲጂውን ተነሣ፣ የልቡንም አልትራሳውንድ እንዲያዩልህ የወንድሜ የልብ በር ሁለት መዝጊያ ነው ብለህ ንገራቸው። ወረቀቱን ከሆሣዕና በፊት ላክልኝ። ለዚህ ጉዳይ ብቻ ስልክ ፈቅጃለሁ፤ ፎቶ አንሥታችሁ ለፍቅርተማርያም ላኩት። ከሙሉቀንና ከእኔ ብራና አጠገብ አኑሬ አስተያየዋለሁ። ስሕተት ካለበት አገኘዋለሁ፤ ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ ስሜን በቀለም ትጻፈው።

ለባለቤትህ ለወለተሩፋኤል፣ እህቴ ሆይ፣ እንደምን አለሽ? ላስቸግርሽ ነው፤ እንቢ ካለ በማዕድ ላይ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢለት፣ ስለ አባታችን የጻፍሁት ላይ ስትደርሺ ቀስ በይ። ለምስጢር፣ ልጄ፣ አጎትሽን በጣም ናፍቀሽዋል፤ ቀጠሮውን አንቺ ያዢለት፣ አንቺ ውሰጂው፣ በር ላይ ትተሽው እንዳትመለሺ፤ አንቺም ወንድምሽም በዚያው ተመርመሩ። ለሰውአገኝ፣ ጎበዝ ሁን፤ ደረጃውን ሲወጣ ከኋላው ሁን፣ ግድግዳ ይዞ ሲቆም መንገድ እንደምታይ ሆነህ አትለፈው፣ «አባዬ ምን ሆንህ?» ብለህ ጠይቀው። እኔ ያልጠየቅሁትን አንተ ጠይቅልኝ።

ፍቅርተማርያምና ሙሉቀን፣ ስነጊዮርጊስም ከነቀልዱ፣ እጅግ ሰላም ብለዋችኋል። ይመኙሽ አሁንም አጠገብህ ተቀምጣ ከሆነ፣ መቼ እንደምትሄድ ለእርሷ ንገራት፤ ቀኑን ይዛ እንድትደውልልኝ አዝዣታለሁ።

ታላቅ ወንድምህ ዋኘው

ጎንደር፣
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.